ያልተቆጠሩት የቤታችን ሰዎች

በዚያ እሑድ ቤታችን ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከደጃፉ አልፈው ከፊት ቆመዋል። መሃል ላይ የቆሙት ሊያገባኝ የጠየቀው ልጅ አጎት ናቸው፤ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። በቀኛቸው የንስሐ አባታቸው፣ በግራቸው ደግሞ ጎረቤታቸው የሆኑ ሐጂ፣ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በቤቱ ውስጥ በነበረችው አንድ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ከጓዳው በር አጠገብ ቆማለች። ታላቅ ወንድሜ መስኮቱን ከፍቶ ተደግፎታል፤ ከታመመ ወዲህ አየር ካለበት አይርቅም ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። መጋረጃው ስስ ስለነበር ሁሉንም አያለሁ።

«ኧረ ተቀመጡ እባካችሁ» አለች እናቴ።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ አጎትየው።

«ደግሞም» አሉ ሐጂ፣ «ከጧት ጀምሮ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ነው የቆየነው። ለእኛ መቆሙ ዕረፍት ነው።»

ቄሱ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። አያቴ ግን አልሳቁም። አያቴ በጋብቻ ጉዳይ አይቀልዱም።

ይህ ሁለተኛ አመጣጣቸው ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ አያቴ «ዘር ይቆጠርና ኑ» ብለው መልሰዋቸዋል። የእኛም የእነሱም ቤተሰብ ሥሩ ተጉለት ስለሆነ፣ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ሁለቱ ወገኖች አንድ አያት ላይ የሚገናኙ ከሆነ ጋብቻው ይቀራል። በሞት የተለየን አባቴ የሌላ አገር ሰው ስለነበር፣ የሚቆጠረው በእናቴ በኩል ያለው ብቻ ነው። በዘመኑ ወጣቱ ሁሉ ይህን ኋላ ቀርነት ነው እያለ በየውይይት ክበቡ ቢናገርም፣ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ያው አያቱ ነበር።

ልጁን አውቀዋለሁ። እኔ በታይፒስትነት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ ይስል ነበር። ዝምተኛ ነው። ስለ እሱ ለማንም ምንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሽማግሌ እንዲልክ የነገርኩት ግን እኔ ነኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ የማስበው ስለ እሱ አልነበረም። የማስበው በመሥሪያ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ስላስቀመጥኳት የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ነበር። ቀኗ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሜ ነው። ወንድሜ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ሞተር ከመኪና አውጥቶ መልሶ የሚያስገባ ብርቱ ሰው። አንድ ቀን ከሌሎች ጋር ሞተር ሲያነሳ ዓይኑ ጨለመበትና ወደቀ። ረሃብ ነው ተባለ። በሳምንቱ ደግሞ ወደቀ። ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ፤ በራጂ ታየ፣ ገመድ እየተለጠፈበት ታየ፣ በመጨረሻ ልብን እንደ ቴሌቪዥን በመስኮት የሚያሳይ አዲስ መሣሪያ አለ ተብሎ በዚያም ታየ። ከዚያ አንዲት ወጣት የልብ ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጣ አነጋገረችን።

«ከቤተሰባችሁ ትንፋሽ እያጠረው የኖረ፣ ወይም በወጣትነቱ በድንገት ወድቆ የሞተ ሰው አለ?»

«የለም» አለ ወንድሜ።

ወደ እኔ ዞረች። እኔም «የለም» አልኩ። ያኔ የማውቀው ይህንን ነበር።

ሐኪሟ ወረቀት ስባ ክብ ነገር ሣለች። ደም ከልብ ወደ ሰውነት በሚወጣበት ላይ መዝጊያ አለ፣ የሰው ሁሉ መዝጊያ ሦስት ክንፍ አለው፣ የአንተ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱ የሦስቱን ሥራ ሲሠሩ ኖረው ደነደኑ፣ አሁን በደንብ አይከፈቱም አለችው።

«ገባኝ» አለ ወንድሜ። «ቫልቩ ነዋ። እንዲህ ያለውን እኮ እኔ በየቀኑ ነው የምፈታው።»

«ፈተህስ?»

«እገጥመዋለኋ።»

«እኛ ደግሞ እዚህ አገር የዚህን መፍታቱን ገና አልጀመርንም» አለች። ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ የአብዛኞቹ በሽተኞቿ ልብ የተበላሸው በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው ሳይታከሙ በመቅረታቸው መሆኑን ነገረችን። «የአንተ ግን ከእናትህ ማሕፀን ይዘኸው የመጣኸው ነው። እንዲህ ያለው አንዳንድ ጊዜ በዘር ይሄዳል።» ወደ እኔ ተመለሰች። «ስለዚህ አንቺም ትታያለሽ። በተለይ ከማርገዝሽ በፊት። እርግዝና ለልብ ዳገት ነው።»

«አላገባሁም» አልኳት።

«እንግዲያው ጊዜ አለሽ ማለት ነው» ብላ ቀጠሮውን ጻፈችልኝ።

ስህተቱ የተሠራው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ወንድሜ ለእናቴ ሁሉንም እንደሰማው ነገራት፤ ሁለት ክንፍ፣ ሦስት ክንፍ፣ ቫልቭ። እናቴ ዝም ብላ ሰማች። «በዘር ይሄዳል» ሲል ግን ብድግ አለች።

«ዘር? ዘራችንን ማን ጠየቃት?»

«እማዬ፣ የበሽታውን ነገር ነው እኮ…»

«ቆማጣ አለብን? የሚጥል በሽታ አለብን? ዓይነ ጥላ አለብን? ዘራችን እንደ ወተት የነጣ ነው!»

ይህን ሳስታውስ አልፈርድባትም። ሐኪሟ ዘር ስትል ሌላ ነገር ማለቷ ነበር። በእኛ ቤት ግን ይህ ቃል የሚነሳው ሰው ሊጋባ ሲል ብቻ ነው፤ ሲነሳም ወይ ያስከብራል ወይ ያዋርዳል፣ መካከለኛ የለውም። እናቴ ሐኪሟ የተናገረችውን ሳይሆን ነገ ጎረቤት የሚናገረውን ነበር የሰማችው። «ይህቺ ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ» አለችው ወንድሜን። «እህትህ አላገባችም።» ለእኔ አንድም ቃል አልነገረችኝም፤ አያስፈልጋትምም ነበር። ቀጠሮውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እንግዲህ ያን እሑድ ከመጋረጃው ጀርባ የቆምኩት ይህን ይዤ ነው። ብናገር ጋብቻው ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ቤት ወጥቶ ሰፈራችንን ቀራንዮን ለማዳረስ ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ዝም ብል ደግሞ ሰውየውን ደብቄው ላገባው ነው፤ በሽታው እኔም ላይ ካለ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ነው የሚያውቀው።

አያቴ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«የሚጽፍ ይኑር» አሉ።

እናቴ ወንድሜን አየችው። ወንድሜ ከመስኮቱ ሳይርቅ ራሱን ነቀነቀ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ አያቴ ወደ መጋረጃው። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርንሽ ለምንድን ነው? ደብተር ይዘሽ ነይ።»

«አባባ!» አለች እናቴ። «እሷን ሊያጩ መጥተው እሷ ትወጣለች?»

«ይተዉአት፣ እመቤቴ» አሉ ሐጂ። «ስንት ነገር በተገለበጠበት ዘመን ሙሽሪት የራሷን ዘር ብትጽፍ ምን አለበት? አብዮት ማለት ይኸው ነው።»

ወጣሁ። ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ ከአያቴ እግር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በአጎትየው በኩል ያለውን እሳቸው ራሳቸው በቆንጆ ጽሑፍ ጽፈው ይዘውት መጥተዋል፤ የመዝገብ ቤት ሰው ናቸዋ።

አያቴ መቁጠር ጀመሩ። እሷን እናቷ ወለደች፣ እናቷን እኔ፣ እኔን እገሌ፣ እገሌን እገሌ። በየቤቱ ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ይሄዱና የዚያን ሰው ወንድሞችና እህቶች ይቆጥራሉ፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ስንት እንደወለደ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። እሳቸው ሲጠሯቸው ግን ሰዎቹ ውጭ ቆመው የሚጠብቁ ነበር የሚመስለው። አልፎ አልፎ አጎትየው ወረቀታቸውን አይተው «እዚህ ጋ አንገናኝም» ይላሉ፤ ቄሱ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ።

እኔ እየጻፍኩ ሳለሁ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የአያቴ ታናሽ ወንድም ስሙ «በእሱ ፈንታ» ማለት ነው። ከአያቴ አባት እህቶች የመጨረሻዋ ስሟ «ካሣዬ ነሽ» የሚል ነው። ወደ ታች ወርጄ የእናቴን ስም አየሁት። ስሙን ዕድሜዬን በሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ተጽፎ ከሌሎቹ ጋር ሳየው ግን ትርጉሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። «ሐዘን አስረሺ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም በእኛ አገር ለማንም ልጅ በዘፈቀደ አይወጣም። ከፊቱ ሰው ሞቶ ለተወለደ ልጅ ነው የሚወጣው።

እርሳሴ ቆመ።

«ምነው?» አሉ አያቴ።

«አባባ፣ ይህ የምትክ ስም ነው። የማን ምትክ ነው?»

ሌላውን በጣቴ አሳየሁ፤ ማንበብ እንደማይችሉ ረስቼ። «ይህችስ የማን ካሣ ናት? እማዬስ?»

«ዘር ሳይተካ የሞተ አይቆጠርም» አሉ አያቴ።

«ልክ ናቸው» አሉ አጎትየው ረጋ ብለው። «ልማዱ እንደዚያ ነው፣ ልጄ። ያልወለደ ሰው ለጋብቻ ምን ያደርጋል?»

«ለጋብቻ ነው የምጠይቀው» አልኩ።

ድምፄ ከፍ ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። እናቴ ዓይኗን በእኔ ላይ ተክላ ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገሪ ማለቷ ነው። አየኋት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ደብተሩን ገለጥኩና ባዶ ገጽ ላይ መስመር አሰመርኩ።

አያቴ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት፤ ለዚህኛው ቆጠራ መቁጠሪያ አያስፈልጋቸውም ነበር።

«ታላቅ ወንድሜ ነበር» አሉ። «አውድማ ላይ ሲያበራይ ወደቀ። ጢሙ ገና ማብቀሉ ነበር። የሰው ዓይን ነው ተባለ።» ጻፍኩ። «የአባቴ እህት ነበረች። በተዳረች በዓመቷ አረገዘች። ሆዷ ሲገፋ ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር የምታድረው ይባላል። አልወለደችም።» ያንንም ጻፍኩ።

«እኔስ?» አለች እናቴ።

«አንቺ…» አሉ አያቴ። «አንቺ የበኩር ልጄ ምትክ ነሽ። ዳገት ሲወጣ ሦስት ጊዜ ያርፍ ነበር። ሰነፍ ነው የምለው። እንጨት አሸክሜ ልኬው፣ በሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቀረ።» ከዚያ ስሙን ጠሩት። እናቴ የወንድሟን ስም ያኔ ነው የሰማችው።

«በምች የሞተ ሕፃን ነው ብላችሁኝ ነበር።»

«ምች ነው አሉን። እኛም ምች ነው አልን።»

ወንድሜ ከመስኮቱ ሳይንቀሳቀስ፣ «አባባ፣» አለ፣ «እኔም ከአየር ጤና እዚህ ስደርስ ሦስት ጊዜ ነው የማርፈው።»

ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ወንድሜ ሐኪሟ የነገረችውን ለሽማግሌዎቹ ተናገረ፤ በቫልቭ ብቻ ስላስረዳ ቄሱ ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ሐጂ መኪና ስለነበራቸው ወዲያው ገባቸው፤ እንዲያውም እሳቸው ለቄሱ አስረዱ። እኔም እንዳልታየሁ፣ መታየት እንዳለብኝ፣ ቀጠሮውን እንዳሳለፍኩት ተናገርኩ። ስናገር ወደ አጎትየው አልተመለከትኩም፤ የጫማቸውን ክር ነበር የማየው።

አጎትየው ወረቀታቸውን በአራት አጠፉት።

«ሰባት ቤት ተቆጥሯል፤ አንገናኝም» አሉ። «በዚያ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። በዚህኛው ግን እኔ ቃል የለኝም። ሰምተናል። ለልጁና ለእናቱ እንነግራለን።»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሙን። ሦስቱም ሳይቀመጡ ወጡ።

እናቴ የምትጮህብኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ሄዳ በሩን ዘጋች፣ ተመልሳ መጣች፣ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ማንበብ የማትችለውን ገጽ አየችው። በመሠረተ ትምህርት ገና ፊደል ላይ ነበረች። «የትኛው ነው ወንድሜ?» አለች። አሳየኋት። ጣቷን አሳረፈችበት።

«ሐኪሟ በየትኛው ቀን ነው የምትገኘው?» አለች።

ማክሰኞ ሁላችንም ሄድን፤ እናቴ፣ አያቴ፣ ወንድሜ ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ እኔ። አውቶቡስ ላይ አያቴ ለማያውቁት ሰው ሁሉ «ልባችንን ልናስደምጥ ነው» ይሉ ነበር። እናቴ እያፈረች ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

ሐኪሟ ተሰብስበን ስንገባ ስታይ መጀመሪያ ልንጣላት የመጣን መሰላት። ደብተሩን ሰጠኋት። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ከዚያ ተቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ማን ቆጠረው?»

«እኔ» አሉ አያቴ። «ምነው፣ ስህተት አለበት?»

«አባባ፣ እኔ በሽተኞቼን ስለ አያታቸው ስጠይቅ አላውቅም ነው የሚሉኝ። እርስዎ ሰባት ቤት አመጡልኝ።» ሰፊ ወረቀት አውጥታ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እያደረገች መሣል ጀመረች፤ ዘር ሳይተኩ የሞቱትን ውስጣቸውን አጠቆረች። አያቴ አንገታቸውን አስግገው ይከታተሉ ነበር።

«እኔ የትኛው ነኝ?»

«ይኸው።»

«አስጎንብሰሽኛል። ቀና አድርጊኝ።»

ሐኪሟ አራት ማዕዘኑን ደምስሳ ቀና አድርጋ ደገመችው። ከዚያ አንድ በአንድ አዳመጠችን። የአያቴን ስትጨርስ «ንጹሕ ነው» አለቻቸው። አያቴ ግን ደስ አላላቸውም። «ታዲያ እኔ ጤነኛ ሆኜ እንዴት ለእነሱ ደረሰ?» አሏት። ሳይታይበት የሚያስተላልፍ ሰው እንዳለ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ያመጣሁት እኔ ነኛ።»

«እርስዎ ያመጡት ደብተሩን ነው» አለቻቸው።

እናቴን ስታዳምጥ ቆየች። ማዳመጫውን አንስታ፣ ቦታ ቀይራ፣ እንደገና አዳመጠች። እናቴ ጣራውን ታያለች።

«እማማ፣ ስንት ወለዱ?»

«ሁለት።»

«ሲያረግዙ ይደክምዎት ነበር?»

«ያልደከመው ማን አለ?»

«ልብዎ ላይ ድምፅ አለ። የልጅዎን ዓይነት ነው፤ ግን ቀላል ነው። ዕድሜዎን ሁሉ አብሮዎት ነበር።»

እናቴ ከአልጋው ቀና አለች። «እና አልሞትኩም?»

«አልሞቱም» አለች ሐኪሟ። ወንድሜ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ፤ ኋላ አስሳለው።

የእኔም እንደ እናቴ ሆነ። ቀላል ድምፅ። ሐኪሟ ስትነግረኝ፣ የፈራሁት ነገር ስም ሲያገኝ አነሰብኝ። መጠየቅ የፈለግሁትን ግን አልጠየቅሁም። የጠየቀችው እናቴ ናት።

«ታገባለች?»

«ታገባለች።»

«ትወልዳለች?»

«ትወልዳለች። በየዓመቱ እየመጣች ትታያለች። ያረገዘች ዕለት ደግሞ መጀመሪያ የምትነግረው ለእኔ ነው፤ በየወሩ አያታለሁ። ብቻዋን አይደለም የምታረግዘው፣ ከእኔ ጋር ነው።»

«ከባሏ ጋር ነው እንጂ!» አሉ አያቴ ከጥግ።

ከወንድሜ ልጆች ወንዱ ንጹሕ ሆነ፤ ሴቷ በየዓመቱ እንድትታይ ተባለ። ወንድሜ ሞተር ማንሳት ተከለከለ። ጋራዡ ውስጥ መለዋወጫ ዕቃ ጠባቂ አደረጉት፤ ካንዴላና ቺንጊያ እያወጣ መስጠት። ሐኪሟ ውጭ አገር ተልኮ እንዲሠራለት ለሐኪሞች ቦርድ ጻፈችለት። ደብዳቤው ብዙ ቢሮ ዞረ፣ ብዙ ወራትም ፈጀ፤ በመጨረሻ ግን ሄደ፣ ተሠርቶለትም ተመለሰ። ሲመለስ ደረቱ ውስጥ የሰው እጅ የሠራው ቫልቭ ነበረው፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማ ነበር። «አሁን ኦሪጅናል አይደለሁም» ይል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ ነው። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ሁለት ሳምንት ከእነ አጎትየው ምንም አልተሰማም። ልጁ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ተልኳል ተባለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የእሱ ጠረጴዛ ላይ ንድፎቹ እንደተጠቀለሉ ነበሩ፤ በዚያ ሳልፍ አላያቸውም፣ ማለቴ እንዳላይ እጥር ነበር። እናቴ አንድ ቀን «ቀረ እንግዲህ» አለች፣ ሌላ ቀን ደግሞ «ቢቀርም ይቅር፣ ልጄ አለችኝ» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ከአውቶቡስ የምወርድበት ፌርማታ ላይ አጎትየው ቆመው አገኘኋቸው። ጃንጥላቸውን ይዘዋል፤ ዝናብ ግን አልነበረም።

«እንደምን ዋሉ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ እንኳ ሽማግሌ ሆኜ መንገድ ላይ ልጅ ጠብቄ አላውቅም» አሉ። ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ አንድ ወረቀት አወጡ። «ይህን ለአያትሽ ስጪልኝ።»

ገልጬ አየሁት። በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው አራት ስም ተጽፎበታል፤ በእያንዳንዱ ሥር ዕድሜውና የሞተበት ሁኔታ።

«የእኛ ያልተቆጠሩት ናቸው» አሉ። «የልጁ እናት ናት ተቀምጣ ያስቆጠረችው። እኔም ሁለቱን አላውቃቸውም ነበር። ሁለቱ በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው፣ ጉልበታቸው አብጦ፣ ኋላ ትንፋሽ ያጠራቸው ናቸው። ሐኪሟ ምን ትላለች?»

«እሱ በዘር አይደለም፤ ጉሮሮ ሳይታከም ሲቀር ነው ብላናለች። ግን መጠየቅ አለበት» አልኩ።

«እንግዲህ ይጠየቃል።» ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «እናቱ ምን እንዳለች ልንገርሽ? "ደብቆ የዳረ ቤት ስንት ነው! ወጥታ የነገረችንን ብንተዋት ማንን ልናመጣ ነው?" አለች።»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ልጁ ትናንት ገብቷል። እሱም መታየት ይፈልጋል። ማክሰኞ ነው አይደል ሐኪሟ የምትገኘው?»

«አዎ፣ ማክሰኞ።»

«መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉ። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሄዱ።

ወረቀቱን ለአያቴ አነበብኩላቸው። አራቱን ስም አንድ በአንድ ካስደገሙኝ በኋላ ከእኛዎቹ ቀጥሎ እንድጽፋቸው አዘዙኝ። እናቴ «ሳይጋቡ አብሮ መንገድ መሄድ የት አገር ያለ ነው?» አለች። ለማክሰኞ ግን ቀሚሴን ተኩሳ ያስቀመጠችው እሷ ናት።

ማክሰኞ ጧት ልጁ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ወግ ስለሆነ አልገባም፤ እኛም ግባ አላልነውም። አያቴ በሩ ላይ ሆነው እሱን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ እሱም እጅ ነሳቸው።

«በሉ» አሉ አያቴ፣ «ወረፋው ይረዝማል።»

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።